ለኮቱ ያላለቀሰችው ወርቅቱ

በዚያን ቀን ጉሙ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ተኝቶ አልነሳም አለ። ወሩ ኅዳር ነው። ሌሊቱን የጣለው ውርጭ ሣሩን አመድ የተነሰነሰበት አስመስሎታል። ከእንጦጦ በኩል የሚወርደው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ላሞቹ ከበረት ወጥተው፣ መጋጥ ጠልተው፣ እንፋሎት እየተነፈሱ ቆመዋል። ሜዳው መሀል ፈረንጆቹ ካሜራቸውን በሦስት እግሩ አቁመው፣ አንገታቸውን ወደ ሰማይ ሰቅለው ፀሐይ ይጠብቃሉ። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ሥራውን ትቶ እነሱን ይጠብቃል። ወርቅቱ በነጠላዋ ተሸፋፍና ከሁላችንም ራቅ ብላ ቆማለች። በዚያን ቀን የተጠራችው በሰው ሁሉ ፊት እንድታለቅስ ነበር።

ወርቅቱ የቡራዩ ልጅ ናት። ለረጋሳ ተድራ ሱሉልታ ስትመጣ ጎረቤቷ ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ። ላሞች ታልባለች፤ ወተቱን በማለዳ ወደ አዲስ አበባ በሚወርደው የጭነት መኪና ትልካለች። ረጅም፣ ቀጥ ብላ የምትሄድ፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። ፊቷ ዝግ ነው። ጠላ ሻጯ ጎረቤታችን ስንዱ «የወርቅቱን ፊት ከማንበብ ዳዊት መድገም ይቀላል» ትል ነበር።

ባሏ ረጋሳ ወታደር ነው። ሶማሌ ድንበር ላይ ጦርነት የተነሳ ጊዜ ወደ ኦጋዴን ዘመተ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ። ከዘመቻ የተመለሰ አንድ የሰበታ ሰው «ሲወድቅ አይቼዋለሁ» አለ። ሌላው ደግሞ «ሐረር ሐኪም ቤት ተኝቶ ነበር፤ ድኖ ወጥቷል» አለ። ሁለቱም ማሉ። ከመንግሥት በኩል ሞተም አለም የሚል ቃል አልመጣም።

በእኛ አካባቢ ሰው ሩቅ አገር ሲሞት ሬሳው ባይመጣም ለቅሶ ይቀመጣል። የሟቹ ኮት ወይም ጋቢ ይወጣና ሰው መሀል ይዘረጋል፤ ሚስቱ ልብሱ ላይ ወድቃ ታለቅሳለች። ሽማግሌዎች ያያሉ። እሷ ካለቀሰች ሰውየው ሞቷል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ስለ እሱ «ይመጣል» አይልም። ዓመቱ ሲወጣ የሟቹ ወንድም፣ ዋርሳ የሚባለው፣ እርሻውንም ቤቱንም ሚስቲቱንም ይረከባል። ቄሶቹ ይህን አይወዱትም፤ ሰው ግን ከቄሶቹ ተደብቆ ያደርገዋል። ባል የሞተባትን ሴት ሜዳ ላይ ላለመጣል የተበጀ ሥርዓት ነው ይላሉ። ለአንዳንዷ እውነትም መጠጊያ ሆኗታል።

የረጋሳ ታናሽ ወንድም ደቻሳ ይባላል። ሚስቱ በወሊድ ሞታበት ሁለት ልጆች ታቅፎ የቀረ ሰው ነው። የወንድሙንም መሬት የሚያርሰው እሱ ነበር። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ይዞ ወርቅቱ ቤት መጣ፤ «እናልቅስለት፣ ነፍሱም ትረፍ» አለ። ሁለት ጊዜም «ሞተ ያለኝ የለም፤ አላለቅስም» አለችው። የሰፈሩ ሰው ያማት ነበር። ደረቅ ዓይኗን አይቶ «ባሏን አትወደውም ነበር» የሚለው ብዙ ነው። እኔ ብሆን አልቅሼ እገላገል ነበር። በኑሮዬ ብዙ ጊዜ ያደረግሁት እንደዚያ ነው።

ፈረንጆቹ የመጡት ይህ ነገር እንደተንጠለጠለ ነው፤ በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት። የጦርነት ታሪክ ያለው ፊልም እናነሳለን ብለው ሜዳው ላይ ድንኳን ተከሉ። አለቃቸውን ዳይሬክተር ይሉታል፤ እኛ ቀይ ጢሙ እንለው ነበር። በአስተርጓሚነት የመጣው አሥራት የሚባል የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ ቴአትር ቤት የሚሠራ፣ በፊልሙም ውስጥ ወታደር ሆኖ የሚጫወት። ከሰፈሩ ሴቶችና ወንዶች መርጠው እንድናጅብ ቀጠሩን።

መጀመሪያ ያለማመዱን መደነቅን ነው። ጦር በሜዳው ሲያልፍ እያየን እንድንደነቅ ተባልን። ሁላችንም ተደነቅን፤ አፋችንን በነጠላችን ያዝን። ቀይ ጢሙ እጁን እያወናጨፈ ጮኸ።

«አፋችሁን አትሸፍኑ፤ ክፈቱት ነው የሚለው!» አለ አሥራት።

«ዝንብ እንዲገባ ነው?» አለች ስንዱ። «በእኛ አገር ሲደንቅ አፍ ይያዛል።»

«ካሜራው ፊትሽን ማየት አለበት።»

«ጥርሴን ያያላ! የወለቀችዋንም ነው የሚፈልገው?»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ቀይ ጢሙ ሳቃችንን ወደደው መሰለኝ፤ እሱኑ አነሳ። መደነቁ ቀረ።

አሥራት ራሱም ቁጣ አይቀርለትም ነበር። ቴአትር ለምዶ እጁን ወዲያና ወዲህ ይወረውራል፣ ቅንድቡን ይሰቅላል፣ ድምፁን ገደል ማዶ ላለ ሰው ይመስል ያወጣዋል። ቀይ ጢሙ በሁለት ጣቱ ትንሽዬ ነገር እያሳየ «አሳንስ፣ አሳንስ» ይለዋል። ምሳ ላይ አሥራት እየተከዘ ለእኛ ያወጋናል። «ቴአትር ቤት ከኋላ ለተቀመጠው ነው የምጫወተው። ይሄ ካሜራ ግን አፍንጫዬ ሥር ነው ያለው። ትንሽ ከዋሸሁ ያየኛል።»

«እንዴት ነው ውሸት የሚታየው?» አለችው ወርቅቱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ስታናግረው የሰማኋት።

አሥራት ጠያቂ በማግኘቱ ደስ አለው። «አፍን ሰው ያዝዘዋል፤ ፈገግ በል ሲሉት ፈገግ ይላል» አላት። «ዓይን ግን ከአንገት ቀድሞ ይሄዳል። ሰው የሚያስበውን ነገር ሳያውቀው ቀና ብሎ ያየዋል። ዓይኑ ካስቸገረሽ ደግሞ እግሩን እዪ። መሄድ የሚፈልግ ሰው እግሩ ቀድሞት ተነስቷል። ሌላም ልንገርሽ፤ ሁለት ሰው ሲያወራ የሚናገረውን አትዪ። የሚሰማውን እዪ።»

ወርቅቱ ይህን ይዛ ዋለች። ማታ ላሞቿን አልባ ስንዱ ቤት ተገናኘን።

«ጠላሽ እንዴት ነው ዛሬ?» አለቻት ስንዱን።

«ማር ነው፤ ቅመሺው።»

«አፍሽ ማር ነው አለ። ዓይንሽ ግን ወደ ውሃው እንስራ ሄደ።»

ስንዱ እንስራውን በቀሚሷ ከልላ ቆመች። «ያ የአሥራት ነገር መጥቶ ገበያዬን ሊዘጋው ነው!» ብላ እሷም ሳቀች። ወርቅቱም ሳቀች። ረጋሳ ከሄደ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ቀይ ጢሙ ሴቶቹን አሰልፎ የእያንዳንዳችንን ፊት እያየ አለፈ። ወርቅቱ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። አሥራት ነገሩን ተረጎመላት።

«ሚስት ትሆኛለሽ። ባልሽ ዘምቷል። እኔ ጓደኛው ነኝ፤ ኮቱን ይዤልሽ እመጣለሁ። አንቺ ኮቱን ታቅፈሽ ታለቅሻለሽ።»

እኔና ስንዱ ተያየን። አሥራት የሚያውቀው ነገር የለም። ወርቅቱ ጠየቀች።

«ኮቱ የማን ነው?»

«የማንም አይደለም። ፊልም ሠሪዎቹ ከአገራቸው ያመጡት ነው።»

«የሞተውስ ሰውዬ ማን ይባላል?»

አሥራት ቀይ ጢሙን ጠይቆ መጣ። «ስም አልወጣለትም።»

«ስም ለሌለው ሰው አለቅሳለሁ» አለች።

ድንኳን ውስጥ ልምምድ አደረጉ። የነበርነው ጥቂት ሰዎች ነን፤ እኔ፣ ስንዱ፣ አሥራትና ቀይ ጢሙ። አሥራት አዲሱን የፈረንጅ ኮት ሰጣት። ወርቅቱ ኮቱን ተቀብላ ለአፍታ አየችው። እኔ ጩኸት፣ ደረት መምታት ነበር የጠበቅሁት። እሷ ግን ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ ኮቱን ጭኗ ላይ አደረገች፤ እጅጌውን ቀና አደረገች፤ አንገትጌውን ወደ ፊቷ አስጠጋች። እንባዋ ያለ ድምፅ ወረደ። ብዙ አለቀሰች። «በቃ» ሲሏትም አልቆመችም። ሁለት ዓመት ሙሉ ቦታ ያጣ እንባ ነው። ቤቷ ብታለቅስ ባሏ ሞተ፤ ቤተ ክርስቲያን ብታለቅስ ባሏ ሞተ። ማንንም ሳትገድል የምታለቅስበት ቦታ ያገኘችው ያ ድንኳን ውስጥ፣ የማንም ባልሆነ ኮት ላይ ነው። ቀይ ጢሙ ባርኔጣውን ገፋ አድርጎ አያት። አሥራት መተርጎሙን ረሳ።

ስትወጣ ፊቷ የታጠበ ሰው ፊት ይመስል ነበር። «ነገ ሜዳው ላይ እንደግመዋለን» አላት አሥራት። «እሺ» አለችው፤ በደስታ ነው ያለችው።

ስንዱ ግን አፏ አያርፍም። በዚያው ማታ ጠላ ቤቷ ውስጥ «ወርቅቱ ዛሬ ኮት ታቅፋ እንዴት እንዳለቀሰች!» ብላ ለሰው አወራች። ደቻሳ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ፈረንጆቹ «ይህ ኮት አዲስ ሆነብን፣ የዘመተ ሰው ኮት አይመስልም» ብለው መቸገራቸውንም የሰማው ከእሷው ነው።

እንግዲህ ወደዚያ ጉም ወደነበረበት ጠዋት ልመለስ። ረፋዱ ላይ ጉሙ ተቀደደና ፀሐይ ወጣች። ሠራተኞቹ መስተዋት የመሰሉ ሰሌዳዎች አንስተው ብርሃኑን ወደ ወርቅቱ መለሱት። ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ካሜራው መንጫጫት ጀመረ። አሥራት ከጉሙ ቅሪት ውስጥ እንደ ደከመው ሰው እየተራመደ መጣ፤ ክንዱ ላይ ኮት ተንጠልጥሏል። አሮጌ ኮት ነው። የትናንትናው የፈረንጅ ኮት አይደለም።

ወርቅቱ እጇን ዘረጋች። ኮቱን ሊያሳቅፋት ሲል እጇ መሀል መንገድ ላይ ቆመ።

ኮቱ የረጋሳ ነበር። ጦር ሠራዊቱ አዲስ ልብስ ሲሰጠው ወንድሙ ቤት ትቶት የሄደው። ከላይ ሁለተኛው ቁልፍ በቀይ ክር ነው የተሰፋው፤ ጥቁር ክር አልቆባት ራሷ የሰፋችው ነው። እኔም ከቆምኩበት ቀዩን ክር አየሁት።

ወርቅቱ ቀና አለች። ዓይኗ ሰዉን ሲፈልግ ቆይቶ ደቻሳ ላይ አረፈ። ደቻሳ ፈገግ ብሎ «አይዞሽ፣ ጨዋታ ነው» በሚል ራሱን ነቀነቀላት። አፉ ይህን አለ። ዓይኑ ግን ከእሷ ላይ ተነስቶ ወደ ግራ ሄደ። ወርቅቱ የዓይኑን መንገድ ተከትላ አየች። ከሰዉ ኋላ፣ ከግራሩ ሥር፣ ሽማግሌዎቹ ተሰልፈው ቆመዋል። የሽማግሌዎቹ አለቃ ኦቦ ኩምሳ ፊት ናቸው። ውርጩ ገና ባልቀለጠበት በዚያ ብርድ ሁሉም ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ደቻሳን እንደገና አየችው። ጋቢውን አዘቅዝቆ ነው የለበሰው፤ እንደ ሐዘንተኛ።

ያን ጊዜ ሁሉም ገባት፤ ኮቱን ለፈረንጆቹ ያቀበለው እሱ ነው፣ ሽማግሌዎቹንም የጠራው እሱ። እኔ እንኳ ፊቷን አይቼ አወቅሁ፤ የተዘጋው ፊት ሲከፈት ያየሁት አንድ ቀን ያን ቀን ነው። ያየሁበት ቁጣ ነበር።

ኮቱን ከአሥራት እጅ ተቀበለች። ካሜራው ይንጫጫል። ኮቱን አራገፈችው፤ ሁለት ጊዜ፣ አቧራው እስኪቦን። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ኮቱን ለበሰችው። እጅጌው ረዘመባት፤ ጠቀለለችው። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈች። ቀይ ክር ያለውን መጨረሻ ላይ ቆለፈችው። ከዚያ ለፈረንጁ ጀርባዋን ሰጥታ በሰዉ መሀል ወደ ግራሩ ሄደች። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት።

«ኦቦ ኩምሳ፣ አካም ቡልታኒ?» አለች። እንዴት አደሩ ማለቷ ነው፤ ጎንበስ ብላ፣ በወግ።

«ነጋ ነው፣ ሰላም ነው፣ ልጄ።»

«ባርኔጣዎን ያድርጉ፣ ብርድ ነው። ሰው አልሞተም።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አላደረጉም፤ ወደ ደቻሳ ዞሩ። «ማል ታቴ፣ ደቻሳ? ምን ሆነ ነገሩ? እሷ ተስማምታለች፣ ዛሬ ታለቅስለታለች አላልከኝም?»

«ተስማምታለች!» አለ ደቻሳ። «ድንኳን ውስጥ ኮት ታቅፋ አልቅሳለች። ስንዱ አይታለች፤ ጠይቋት።»

«እኔን ወዲያ!» አለች ስንዱ። «እኔ ያየሁት የፊልሙን ነው!»

«ድንኳን ውስጥ ያለቀስኩት ስም ለሌለው ሰው ነው» አለች ወርቅቱ። «የዚህ ኮት ጌታ ስም አለው፤ ረጋሳ ይባላል። ሲመጣ ይለብሰዋል። እስኪመጣ እኔ እለብሰዋለሁ።»

ደቻሳ ቀረባት። አሁን ፈገግታው የለም። «እስከ መቼ? ያንቺ ቤት ወንድ የለውም፣ የእኔ ልጆች እናት የላቸውም። መሬቱን እኔ አርሳለሁ፣ አጥሩን እኔ አጥራለሁ። ክፉ ሰው ነኝ? ከሥርዓት የወጣ ምን ሠራሁ?»

«ክፉ ነህ አላልኩም። ልጆችህን ላካቸው፣ ወተት ይጠጣሉ። አንተ ግን ደቻሳ፣ እንባዬን ሰርቀህ ባል ልትሆነኝ ነበር። ለምነህ ያጣኸውን በካሜራ ልትወስድ? ደግሞ ዓይንህ አሁንም ወደ ኦቦ ኩምሳ ነው የሚሄደው። እኔን እያናገርክ እሳቸውን ታያለህ። እኔን እየኝ!»

ደቻሳ ሊያያት ሞከረ። አልቻለም፤ ወደ መሬት አየ።

ኦቦ ኩምሳ ከዚያ ባርኔጣቸውን አደረጉ። «እንባ ካልወደቀ ለቅሶ የለም» አሉ። «ለቅሶ ከሌለ ሟች የለም። ሟች ከሌለ ወራሽ የለም። እኔ ለለቅሶ እንጂ ለፈረንጅ ጨዋታ የተጠራሁ አልመሰለኝም። ደቻሳ፣ ጋቢህን አስተካክል። እንሂድ።» ሌሎቹም ባርኔጣቸውን እያደረጉ ተከተሏቸው።

ቀይ ጢሙ ከኋላ ይጮሃል። አሥራት እየሮጠ መጣ፤ ግራ ገብቶታል።

«ተመለሺ ይላል። ኮቱን አውልቀሽ፣ እንደገና...»

«ኮቱ የኪራይ አይደለም በለው።»

«የእነሱን አዲሱን ኮት እንስጥሽ። ያ ይሁን። እንደ ድንኳኑ አድርጊልን።»

ወርቅቱ አየችው፤ በእሱ ላይ አልተቆጣችም። «አሁን አልችልም፣ ወንድሜ። ያኔ የማንም ያልሆነ ኮት ነበር። ከእንግዲህ በማንኛውም ኮት ላይ ባለቅስ የረጋሳ ነው ይሉኛል። ያገኘኋት አንዲት ቦታ ነበረች፤ እሷንም ወሰዱብኝ።»

አሥራት ዓይኑ ወደ ቀዩ ክር ሄደ፤ ከዚያ ቀና ብሎ አያትና ራሱን ዝቅ አደረገ። ለቀይ ጢሙ ምን ብሎ እንደነገረው አላውቅም፤ ሰውየው ግን ካሜራው ላይ ጨርቅ ጣል አድርጎ ተቀመጠ።

በማግስቱ ወርቅቱን አሰናበቷት፤ በእሷ ቦታ ስንዱን አስገቡ። ስንዱ ሽንኩርት በመዳፏ ይዛ፣ አዲሱን ኮት አቅፋ፣ እንደ አልቃሽ ግጥም እየደረደረች አለቀሰችላቸው። «አሳንሺ» ቢሏትም አላሳነሰችም። ሲያበቃ ዓይኗን እየጠረገች «ባሌ ሲሞት እንኳ እንደዚህ አላማረብኝም» አለች። ፈረንጆቹ ድንኳናቸውን ነቅለው ሄዱ። ፊልሙን እስከ ዛሬ አላየነውም።

ሰው ስለ ወርቅቱ ማውራቱን አልተወም። «ልቧ ድንጋይ ነው» የሚሉም ነበሩ፤ «አበደች፣ የወንድ ኮት ለብሳ ትሄዳለች» የሚሉም። እሷ በውርጭ ጊዜ ወተቷን ይዛ መንገድ ዳር የምትቆመው በዚያ ኮት ነው። የሚያማት ሰው ሲያናግራት ፊቱን አታይም፤ እግሩን ታያለች። ብዙዎቹ ይህን አይወዱትም።

ደቻሳ ሌላ ዓመት ጠብቆ ከሰበታ ሴት አገባ። ደግ ሴት ናት። ልጆቹ አድገዋል፤ አሁንም ወርቅቱ ቤት ወተት ይጠጣሉ። እሱ አጥሯን ያጥራል፤ ከአጥሩ ወዲህ ግን አይገባም። ሽማግሌዎቹም ስለ ለቅሶ ዳግመኛ አላነሱባትም። ኦቦ ኩምሳ ሲሞቱ ወርቅቱ ቀብር መጥታ ነበር። እዚያ እንኳ አላለቀሰችም፤ ከጀመረች የት እንደምታቆም አታውቅምና።

ረጋሳ አልመጣም። ሞቷል የሚል ቃልም አልመጣም። እኔ በልቤ ምን እንደማስብ አልነግራትም፤ ግን እሷ ፊት አንባቢ ናት፣ ሳታውቀው አትቀርም።

ዛሬ ወርቅቱ ሱሉልታ ውስጥ፣ ከመንገዱ በላይ ባለው በዚያው ቤት ትኖራለች። ላሞቿ አራት ናቸው። ቤቱም መሬቱም በረጋሳ ስም ነው፤ ኮቱም በሩ ኋላ ተሰቅሏል።